ትንፋሽ ቆጣሪው አራጅ

መቼ እንደነበረ በልኩ አላስታውስም። ንጉሡ ከመውረዳቸው በፊት መሆኑን አውቃለሁ፤ ዓመቱን ቁርጥ አድርገህ ተናገር ብባል ግን አልችልም። እህቴ በረዶ ጤፋችንን የመታው ዓመት ነው ትላለች፤ እኔ ደግሞ የዚያ ማግሥት ይመስለኛል። ሁለታችንም ተሳስተን ይሆናል። ሁዳዴ እንደነበረ ግን አልጠራጠርም።

ያስታወሰኝ ያው የልጆች ነገር ነው። ሰሞኑን ቡራዩ ልጄ ቤት ሰንብቼ ነበር። የልጅ ልጄ ጠዋት ጠዋት ሥራ ከመሄዷ በፊት ሳሎን መሃል ምንጣፍ ታነጥፍና እግሯን አጣጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቁጭ ትላለች። ስልኳ ውስጥ አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ በለሆሳስ ታወራታለች። እናቷ ከጓዳ ብቅ እያለች፣ ይኼ የማን ሃይማኖት ነው፣ ነግሬሻለሁ ትላለች፤ ልጅቷ አትሰማም። አንድ ቀን ጠጋ ብዬ ሴትየዋ ምን እንደምትላት ጠየቅኳት።

«ትንፋሽሽን ብቻ ተከታተዪ ነው የምትለኝ፣ አባባ። ከቡድሃ የመጣ ነገር ነው፤ እርስዎ አያውቁትም» አለችኝ።

ሻዬ እስኪፈስ ሳቅኩ። እኔ አራተኛ ክፍልን ያልጨረስኩ ሰው ነኝ፤ እሱስ ልክ ብላለች። ይህን ነገር ግን እናቷም ሳትወለድ፣ ሰበታ ላይ፣ እጄ በማሽን ዘይት እንደጠቆረ ተምሬው ነበር። በእሱም ምክንያት ሠርጌ ሊቀር ለጥቂት ነው የተረፈው።

ሰበታ ያኔ እንዲህ አልነበረችም። ዛሬ ከአዲስ አበባ ተጣብቃ የት እንደምትጀምር አይታወቅም። ያኔ መንገዱ ግራና ቀኙ ባህር ዛፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጤፍና ጓያ ነው። ከወንዙ ማዶ ክር የሚፈተልበት ፋብሪካ ነበር፤ እኔ እዚያ ማሽን ዘይት አጠጣ ነበር። የማሽኑ ጩኸት ለብቻው ሌላ ዓለም ነው። ከሥራ ወጥተህ ቤትህ ገብተህ እንኳ ጆሮህ ውስጥ ሲፈትል ያመሻል።

ከውጭ ከመጡት መካኒኮች አንዱ የሲሎን ሰው ነበር። ጠቆር ያለ፣ ቀጭን፣ መነጽራም። ሚስተር ሱኒል እንለዋለን። አማርኛ የተማረው ከፋብሪካው ሴቶች ስለነበር ወንዱን ሁሉ አንቺ ይላል፤ ያን ጺማም ዘበኛ ሳይቀር «ነይ፣ በሩን ክፈቺ» ይለዋል። ማንም አላረመውም፤ ብናርመው ሳቃችን ይቀርብን ነበር።

በምሳ ሰዓት እኛ ሱፍ ፍትፍታችንን ስንበላ ይህ ሰው ከመጋዘኑ ጀርባ ወይራ ሥር ሄዶ ይቀመጣል። እግሩን አጣጥፎ፣ ዓይኑን ከደን አድርጎ፣ ንቅንቅ አይልም። ዝንብ ፊቱ ላይ ብታርፍ እንኳ አያባርራትም። እኔ ሆዱን አሞት መሰለኝና አንድ ቀን ውሃ ይዤለት ሄድኩ። ዓይኑን ገልጦ ሳቀብኝ።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ምንም።»

«ታዲያ ምን እያደረግህ ነው?»

«ትንፋሼን አያለሁ። ነይ ደምሴ፣ ቁጭ በይ።»

ቁጭ አልኩ። ሲገባ አንድ፣ ሲወጣ ሁለት እያልሽ እስከ አስር ቁጠሪ፤ ከጠፋብሽ ከአንድ ጀምሪ አለኝ። ቀላል መሰለኝ። ሦስት ላይ ስደርስ ስለ ምሳዬ አሰብኩ። እንደገና ጀመርኩ፤ አራት ላይ ስለ ዲንቄ አሰብኩ። እንደገና ጀመርኩ፤ ስለ ዲንቄ አባት አሰብኩ። አስር የሚባል ቁጥር እንደዚያ የሚርቅ መሆኑን ያወቅኩት ያን ቀን ነው።

ዲንቄ እጮኛዬ ነበረች። አባቷ ኦቦ ገመቹ ከከተማው ወጣ ብለው የሚኖሩ፣ ቃላቸው የሚከበር ገበሬ ናቸው። እነሱም እኛም ኦሮምኛውን ከአማርኛው እያቀላቀልን የምንኖር፣ አንድ ቤተ ክርስቲያን የምንስም ጎረቤቶች ነን። ሽማግሌ ተልኮ፣ እሺ ተብሎ፣ ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ለዳግማ ትንሣኤ ተቆርጦ ነበር። ስለዚህ በዚያ ሁዳዴ እኔ የማደርገውን ሁሉ ሁለት ቤተ ዘመድ ዓይኑን ተክሎ ያየው ነበር። እኔ ግን ይህን ልብ አላልኩም።

ምክንያቱም አንድ ቀን አስር ደረስኩ። እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ማሽኑ እየጮኸ ነው፣ እኔ ወይራው ሥር ነኝ፣ ድንገት ጩኸቱ ከእኔ ራቅ ብሎ ቆመ። አልጠፋም፤ ራቀ። የወይራዋን ቅጠል ሰማሁ። ከአጥሩ ማዶ አንዲት ወፍ ደረቅ ሣር ስትጎትት ሰማሁ። ፋብሪካ ከገባሁ ጀምሮ ወፍ መኖሩን ረስቼው ነበር። ያን ዕለት ወደ ቤቴ የሄድኩት እየሮጥኩ ነው፤ ለሰው ሁሉ መናገር አማረኝ። የበልግ ዝናብ ጥሎ አባርቶ አፈሩ ይሸታል፤ እኔ ደግሞ ከጭቃው ጋር እየተጋፋሁ ብቻዬን እስቃለሁ።

ሚስተር ሱኒል በየምሳ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት ይነግረኝ ጀመር። በጥንት ጊዜ አንድ የንጉሥ ልጅ ነበር፤ ሽማግሌ አየ፣ በሽተኛ አየ፣ ሬሳ አየ፤ ከዚያ እንቅልፍ አጣና ቤተ መንግሥቱን ጥሎ ወጣ። እኔም፣ እኛም አገር መንግሥት ጥለው የመነኑ ቅዱሳን አሉ አልኩት፤ እሱም በደስታ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ያ የንጉሥ ልጅ በኋላ መምህራቸው ሆነ፤ ነፍስ ያለው ነገር አትግደሉ ይላል፤ ሥጋ የማይበሉም አሉባቸው። ይኼን ስሰማ እኔ ሳላውቀው ግማሹን እየፈጸምኩ ነበር፤ ሁዳዴ ነዋ። ሰበታ በሙሉ ሥጋ ባልበላበት ወር እኔ አለመብላቴን ማን ያውቅብኛል?

ያወቀችብኝ እናቴ ናት፣ በሌላ በኩል። ጎህ ሲቀድ ከጓሮ ካለው ጽድ ሥር ተቀምጬ አገኘችኝ። ጠራችኝ፤ ሰባት ላይ ደርሼ ነበርና አልመለስኩላትም። ይህ ትልቅ ስህተት ነበር። በኋላ ነገሩን ሳስረዳት ደግሞ የመምህሩን ስም ጠራሁ። የዚያ ሰው ስም ለእኛ አገር ጆሮ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ የሷን ፊት ማየት ነበር። ብቻ ስሙን ትተን በነገሩ እንኳ አልተግባባንም። በማግሥቱ ጎህ ሳይቀድ ጠበል ወሰደችኝ።

የሰበታ የጠዋት ጠበል አጥንት ይሰብራል። በግራዬ ያለው ይጮሃል፣ በቀኜ ያለችው ትለፈልፋለች። እኔ ብርዱን የምችልበት ሌላ መላ ስላጣሁ ትንፋሼን መቁጠር ጀመርኩ፤ ጸጥ አልኩ። እናቴ ጸጥ ማለቴን ስታይ ጭራሽ ደነገጠች። የሚጮህ መንፈስ ስሙን ተናግሮ ይወጣል፣ ዝም የሚለው ግን ሥር የሰደደው ነው ብላ ለካህኑ አለቀሰችላቸው። ካህኑ እኔን አገላብጠው አዩኝና፣ «ይኼ ልጅ በርዶት ነው፤ ውሰጂና እሳት ዳር አስቀምጪው» አሏት። እሷ ግን አልተጽናናችም። በዚያ ሰሞን የአንገቴን ማተብ በቀን ስንት ጊዜ እንደዳሰሰች እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ።

አባቴ ዝምተኛ ነበር። አንድ ጠዋት መጥቶ አጠገቤ ግንድ ላይ ተቀመጠና እኔን እያየ ብዙ ቆየ። ተነሥቶ ሲሄድ፣ «ይኼማ እኔ ማሳ ዳር ቁጭ ብዬ እህል ስጠብቅ የማደርገው ነው። ስም እንዳለው አላወቅኩም» አለ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሣውም።

ጓደኛዬ ታደሰ ግን ሌላ ነው። እሱ አብሮኝ የሚሠራ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ ነበር። ይሞክር ብዬ ወይራው ሥር አስቀመጥኩት፤ አምስት ሳይደርስ አንኮራፋ። ሲነቃ፣ «በዚህ ሰው ይበርራል የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ። አይበርርም ስለው ፍላጎቱ ሁሉ ጠፋ። ጠላ ቤት ገብቶ ግን በሳቅ በሳቅ አወራው። ስሜን ባህታዊው አደረገው። ወሬው ሰበታን ዞሮ ዘመድ ወዳለበት ቡራዩ ሲደርስ እኔ ጸጉሬን ተላጭቼ፣ ቢጫ ለብሼ፣ ለድንጋይ እሰግድ ነበር።

በጾሙ ማለቂያ ገደማ ለበዓል እህል ላስፈጭ ወፍጮ ቤት ሄድኩ። ዲንቄም መጥታ ነበር። ይህ በአጋጣሚ አይደለም፤ በዚያ ዘመን እጮኛሞች ያለ ሰው ምስክር የሚነጋገሩበት ቦታ ቢኖር ወፍጮ ቤት ብቻ ነው፤ ሞተሩ ሲጮህ አጠገብህ ያለው እንኳ አይሰማህም። ባለ ወፍጮው ረዘም ያሉ፣ ቅንድባቸው ዓመቱን ሙሉ በዱቄት የነጣ፣ ከጅማ በኩል የመጡ ሙስሊም ናቸው። ይህን የእኛን ነገር ያውቃሉ፤ ያላዩ ይመስላሉ።

ዲንቄ ታደሰ የሚያወራው እውነት ነው ወይ አለችኝ። የቱ እንደሆነ ጠየቅኳት። የንጉሡ ልጅ ነገር አለችኝ። እኔ ደስ ብሎኝ ከሞተሩ በላይ እየጮህኩ ታሪኩን ከሥሩ ጀመርኩላት። ሽማግሌውን ነገርኳት፣ ሬሳውን ነገርኳት፣ በሌሊት ጥሎ የወጣበትን ፈረስ ነገርኳት። ለማን እየነገርኩ እንደሆነ ረሳሁት መሰለኝ።

«ሚስት ነበረችው?» አለች።

«ነበረችው።»

«ልጅስ?»

«ገና የተወለደ ጨቅላ።»

በዚህ መሃል እህሉ አለቀና ባለ ወፍጮው ሞተሩን አጠፉት። በዚያ ጸጥታ ውስጥ የዲንቄ ድምፅ ብቻውን ወጣ።

«ታዲያ አንተም አግብተህ አስወልደኸኝ፣ ጥለኸኝ ልትሄድ ነው?»

ሰልፍ የያዘው ሰው በሙሉ ዞረ። ከኋላ ያሉ አንዲት ሴትዮ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ «ጠይቂው የኔ ልጅ፣ ከወዲሁ ጠይቂው። እኔ ሳልጠይቅ ነው ይኸው የቀረሁት» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ዲንቄ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ባለ ወፍጮው ሰውን ገላመጡ፤ ከዚያ አንድ ፍሬ እህል ሳይጨምሩ ሞተሩን መልሰው አስነሡት። ወፍጮ ባዶውን ሲዞር ድንጋዩ እርስ በርሱ ይበላላል፤ ይህን ከእሳቸው የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም። እኛ እንድንነጋገር ብለው ነው።

እኔም ጆሮዋ ሥር፣ «እኔ የወደድኩለት ቁጭ ማለቱን ነው፤ መሄዱን አይደለም» አልኳት። ላለመሳቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ እኔም ነገሩ በዚሁ ያለቀ መሰለኝ።

ነገሩ ያለው ግን በሬው ላይ ነበር። ሰፈራችን ለፋሲካ በየዓመቱ አንድ በሬ ይገዛና ቅርጫ ይገባል። የዚያ ቅርጫ አራጅ አባቴ ነበር፤ እሱ ከታመመ ወዲህ እጁ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ ቢላዋው ወደ እኔ ተላልፎ ነበር። እጄ ፈጣን ነው ይሉኛል፤ እንስሳው ሳይሰቃይ ያልፍልኛል። ታዲያ ክርስቲያን ያላረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ ይህን በሁሉም ወገን ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

በሬውን ለመግዛት ኦቦ ገመቹ እኔን አስከትለው ጫንጮ ገበያ ወጡ። ግንባሩ ላይ ነጭ ያለው ቀይ በሬ መረጡ። ከዚያ እየነዳን በእግራችን ተመለስን። ሱሉልታ ሜዳ ላይ ነፋሱ ጋቢ ይገፍፋል፤ የድርቆሹ ክምር ዳር ዳሩን እንደ ጎጆ ቆሟል። እዚያ ዘመድ ቤት አደርን፤ ጠዋት ኦቦ ገመቹ «አካም ቡልተ» ብለው እንዴት አደርክ ሲሉኝ ድምፃቸው ቀዝቀዝ ያለ መሰለኝ። በተራራው ጀርባ አድርገን ወደ ገፈርሳ ወረድን። እኔ ከበሬው ኋላ እየሄድኩ ሳላስበው ትንፋሹን እቆጥራለሁ። አንዳንዴ የእሱ ትንፋሽና የእኔ ይገጥማሉ። ቆሎ ስቆረጥም ዞር ብሎ ያየኛል፤ እሰጠዋለሁ፤ መዳፌን ይልሳል። ለአራጅ ይህ ጥሩ አይደለም።

ገፈርሳ ውሃው ዳር በሬውን ልናሳርፍ ተቀመጥን። ኦቦ ገመቹ በሶ እየጨበጡ ሰጡኝ፤ ከዚያ ውሃውን እያዩ ያ የሲሎን ሰው ምን እንዳስተማረኝ ጠየቁኝ። ትንፋሽ መቁጠር አልኳቸው። ሌላስ አሉ።

«ነፍስ ያለው ነገር አለመግደል» አልኩ።

በሬውን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ቄስ አይደለሁም፤ ሃይማኖትህን አልመረምርም» አሉ። «ግን ሽፈራው ሰበብ እየፈለገ ነው፤ ታውቀዋለህ። ዘንድሮ ቢላዋውን የመለስክ ቀን ሃይማኖቱን ለውጧል ይላል፤ ሰውም ያምነዋል። ያኔ ሠርጉን እኔም ልደግፈው አልችልም።»

አቶ ሽፈራው የዲንቄ እናት ወንድም ናቸው። ልብስ ነጋዴ፤ ንግግር አዋቂ፤ እኔን የማሽን ዘይት ስለምሸት ከመጀመሪያውም አልወደዱኝም። ከገፈርሳ እስከ ቡራዩ፣ ከቡራዩም እስከ ሰበታ እኔና ኦቦ ገመቹ ስለ ዝናብና ስለ ዘር ብቻ አወራን።

ልረድ ወይስ ልተው ብዬ ሚስተር ሱኒልን ጠየቅኩት። የያዘውን መፍቻ አስቀመጠ። «እኔ አላርድም» አለ። «አንቺ እኔ አይደለሽም። እናት አለሽ፣ አገር አለሽ። የምታደርጊውን ነገር ነቅተሽ አድርጊ።» ቢቆጣኝ ወይም ቢከለክለኝ ይቀለኝ ነበር።

የፋሲካ ጠዋት ሰማዩ ታጥቦ የተሰጣ ይመስል ነበር። ሰዉ ከቅዳሴ ተመልሶ፣ ጥቂት ተኝቶ፣ ነጭ በነጭ ሆኖ ቅርጫው ቦታ ተሰብስቧል። ያ ሁሉ ጾም ያለፈበት ሆድ እዚያ ቆሟል፤ ሁሉም ፊት ላይ ደስታና ረሃብ አንድ ላይ ይታያል። ባለ ወፍጮውም እንደ ልማዳቸው እንኳን አደረሳችሁ ብለው መጥተው አጥሩ ማዶ ቆመዋል። የእኛ ቅርጫ ዕጣ ጣይ እሳቸው ናቸው። ከሥጋው ስለማይበሉ አያዳሉም ተብሎ ከዱሮ ጀምሮ ለእሳቸው የተሰጠ ሥራ ነው። እያንዳንዱ ባለ ድርሻ ምልክቱን፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ የእንጨት ስባሪ፣ በቆባቸው ውስጥ ይጥልላቸዋል፤ ሥጋው ሲመደብ እሳቸው ሳያዩ በየመደቡ ላይ ያስቀምጣሉ።

አባቴ ቢላዋውን ሲሰጠኝ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያን እጅ አየሁና፣ እኔ ብተወው ይህ በሬ በማን እጅ እንደሚወድቅ አሰብኩ። ጎበዞቹ በሬውን ጥለው ይታገሉታል፤ ይጮሃል፤ እነሱም ይጮሃሉ። ተንበረከክሁ። መዳፌን ነጩ ግንባሩ ላይ አደረግኩና ዓይኔን ጨፈንኩ። ትንፋሹን ቆጠርኩ፤ የእኔንም ቆጠርኩ፤ አብረው ሄዱ። ከዚያ በሦስቱም ስም ብዬ ቢላዋውን አንድ ጊዜ ብቻ ሳብኩት። እጄ አልሳተም።

ተገፍፎ፣ ብልቱ ወጥቶ፣ በኮባ ቅጠል ላይ መደብ በመደብ ሆኖ እስኪቀመጥ ተቃውሞ ያነሣ አልነበረም። ባለ ወፍጮው ቆባቸውን ይዘው ሊገቡ ሲሉ አቶ ሽፈራው እጃቸውን ዘረጉ።

«የእኔን ምልክት ይመልሱልኝ።»

ምነው ተባሉ። አራጁ ዓይኑን ጨፍኖ ከእንስሳ ጋር ሲንሾካሾክ ሁላችሁም አይታችኋል አሉ። የሲሎኑን ነገር ከሥር ጀምሮ ዘረዘሩት፤ ጠበሉን ሳይቀር ያውቁታል።

«በማን ስም እንዳረደው የሰማ አለ?» አሉ።

 በሬውን የያዙት ጎበዞች ተያዩ፤ በዚያ ጩኸት ምን ይሰማሉ? ታደሰ እንኳ፣ ያ አፈኛ፣ መሬት መሬት ያይ ጀመር። እኔ በሥላሴ ስም ነው ያረድኩት አልኩ።

«ሌባም አልሰረቅኩም ነው የሚለው» አሉ አቶ ሽፈራው።

አንዱ ጠጠሬን አለ። አንዱ ቁልፌን አለ። ካህኑን እንጥራ ያለም ነበረ፤ እሳቸው ግን ሌሊቱን ሲቀድሱ አድረው ወደ ሩቅ ዘመድ ሄደዋል። እናቴን አየኋት፤ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ቆማለች። ዲንቄ ከእናቷ ኋላ ናት። ኦቦ ገመቹ ዱላቸውን ተደግፈው፣ ገፈርሳ ላይ እንዳደረጉት ሥጋውን ያያሉ፣ ከዚያ እኔን ያያሉ። ሥጋው ቅጠሉ ላይ ሞቅታው ገና አልወጣም፤ የሚነካው ግን የለም። ያ ሁሉ ሰው ጾሙን ሳይፈታ በእኔ ምክንያት ባዶ እጁን ሊመለስ ነው። ሠርጌም እዚያው ቅጠል ላይ ነበር።

ባለ ወፍጮው ቆባቸውን በሁለት እጃቸው እንደያዙ፣ ለማንም ምልክቱን ሳይመልሱ ወደ መሃል ገቡ።

«እኔ የቆምኩት በሬው ራስጌ ነው» አሉ። «አጥሩ ነው የለየን። እኛ ሰዎች እንስሳ ሲታረድ በማን ስም እንደሆነ ጆሯችንን እንጥላለን፤ ከሕፃንነታችን የለመድነው ነው። ይኼ ልጅ አብ ሲል ሰምቻለሁ፣ ወልድ ሲል ሰምቻለሁ፣ መንፈስ ቅዱስ ሲል ሰምቻለሁ።»

አቶ ሽፈራው አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ እሳቸው ገና አልጨረሱም ነበር።

«እኔን ዕጣ ጣይ ያደረጋችሁኝ ለምንድነው? ይህን ሥጋ ስለማልበላ። የማልበላውስ ለምንድነው? ክርስቲያን ስላረደው። ይኼን ያህል ዓመት ከደጃችሁ ቆሜ እየሸተተኝ ስሄድ የኖርኩት በዚህ ምክንያት ነው። አሁን ክርስቲያን አላረደውም ካላችሁኝ፣ አቶ ሽፈራው፣ ሌላ ዕጣ ጣይ ፈልጉ። እኔ ግን ዛሬም አልበላም፤ የሰማሁትን ሰምቻለሁና።»

መጀመሪያ የሳቁት ኦቦ ገመቹ ናቸው። ዱላቸው እስኪወድቅ ሳቁ። ከዚያ ሳቁ እንደ እሳት ተያያዘ፤ ጠጠሬን ያለው ሳቀ፣ ቁልፌን ያለው ሳቀ፣ እናቴ እያለቀሰች ሳቀች። ኦቦ ገመቹ ዓይናቸውን ጠርገው፣ «ዕጣው ይጣል» አሉ። ባለ ወፍጮውም ፊታቸውን አዙረው ምልክቱን በየመደቡ ጣሉ። የአቶ ሽፈራው ስባሪ የት ላይ ዐረፈ? ከሻኛው መደብ ላይ። ታደሰ አፉ ተመለሰለትና፣ «በሬው ይቅር ብሎዎታል ጋሼ፤ እርስዎም ይቅር ይበሉት» አላቸው። አቶ ሽፈራው ጥቂት አቅማሙ፤ ከዚያ ከሻኛው ቆረጡና ጎረሱ። ሲያኝኩ ሁላችንም አፋቸውን እናይ ነበር።

ሠርጉ በቀኑ ሆነ። ሚስተር ሱኒል መጣ፤ ሙሽራዋን «እንኳን ደስ አለህ» አላት። በዓመቱ ታደሰን ማረድ አስተማርኩትና ቢላዋውን ከእጄ አወጣሁት፤ አባቴ ለምን አላለኝም፣ ሌላም ሰው አልጠየቀኝም። ሚስተር ሱኒል ብዙ ሳይቆይ ወደ አገሩ ተመለሰ። ማተቤ እስካሁን አንገቴ ላይ ነው፤ ጎህ ሲቀድም እስካሁን ቁጭ እላለሁ። ዲንቄ ስታየኝ፣ ይኸው ገና አልሄደም ትላለች።

አሁን ሳስበው፣ በዚያ ሁዳዴ የሚወዱኝ ሰዎች ሁሉ ሲያዳምጡኝ ነበር፤ እናቴም፣ ዲንቄም፣ አባቷም። የሰሙት ግን የፈሩትን ነው። ሰው ከሚወደው ሰው አፍ የሚሰማው እንደዚያ ይመስለኛል፤ እኔም ለልጆቼ እንደዚያው ነኝ። እኔ ያልኩትን፣ እኔ እንዳልኩት የሰማኝ ከአጥሩ ማዶ የቆመው፣ ከመደቡ ድርሻ የሌለው ሰው ነበር። ወፍጮ ቤቱ የነበረበት ቦታ ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል። ሰበታ ላይ እሳቸውን የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው፤ የሚያስታውሳቸውም ባለ ወፍጮው ብቻ ነው የሚላቸው። ስም ነበራቸው። ጋሽ ኑሩ ይባሉ ነበር።